ጓደኛችን ምቱን መያዝ አቃተው፤ ከባንዱ እናሰናብተው?

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የሃያ ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሦስት የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ፓንክ የተባለውን ፈጣንና ጯሂ የሮክ ሙዚቃ፣ እንዲሁም ከእሱ የወጣውንና ስለ ስሜት የሚዘፈንበትን ኢሞ የሚጫወት ባንድ አቋቋምን። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ አብዛኞቹን ግጥሞች የምጽፈውና የምዘፍነውም እኔ ነኝ። አንዲት ጓደኛችን ሊድ ጊታር ትጫወታለች፤ ሌላው ጓደኛችን ሁለተኛውን ጊታር ይጫወታል። ድራም የሚመታው ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ወንድሜ የማየው ልጅ ነው። ይህን ሙዚቃ ለሁላችንም ያስተዋወቀን እሱ ነው። የምንለማመደው በቤተሰቦቹ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ሲሆን ድራሙም የእሱ ነው።

ችግራችን ፈጣን ዘፈኖች ላይ ምቱን መያዝ አለመቻሉ ነው። ዘፈኑ መሃል ላይ ሲደርስ ይደክምና ይዘገያል፤ መዘግየቱ ሲታወቀው ደግሞ ደንግጦ ይሮጣል። እኔ በጻፍኳቸው ዝግ ያሉ የኢሞ ዘፈኖች ላይ ግን ጎበዝ ነው፤ መቼ መምታት፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። ጊታሪስታችን ባንዱ ወደ ፈጣኑ ፓንክ እንዲያደላ ትፈልጋለች፤ ዝግ ያሉት ዘፈኖች ሰውን ያስተኛሉ ትላለች።

በቅርቡ በአጎራባች ከተማ ያለ የታወቀ ባንድ ከሁለት ወር በኋላ በሚያቀርበው ዝግጅት ላይ መድረኩን እንድንከፍት ጋበዘን። ጊታሪስታችን ወዲያው ወደ ከተማችን አዲስ የመጣ ልምድ ያለው ድራመር አገኘችና ለድራመራችን ሳንነግረው ሦስታችን ከአዲሱ ጋር ተለማመድን። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ፤ ዘፈኖቻችን እንደዚያ ሆነው ሰምቻቸው አላውቅም። ማታ ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጊታሪስታችን ግብዣው ሳያመልጠን ዛሬውኑ እንወስን ትላለች፤ ሁለተኛው ጊታሪስት እንደሁኔታው ነው ብሎ ዝም ብሏል። ድራመራችን ምንም አያውቅም፤ በየሳምንቱ ክፍሉን ጠራርጎ ይጠብቀናል። ባንዱን ላድን ወይስ ጓደኝነቴን?

በሁለት ሐሳብ የተወጠርኩ ቤዝ ተጫዋች

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ስለ አዲሱ ልጅ የጻፍሽው ሳይሆን በመሃል ጣል አድርገሽው ያለፍሽው አንድ ሐሳብ ነው፤ ጓደኛሽ ዝግ ባሉት ዘፈኖች ላይ መቼ መምታት፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል ብለሻል። ምት መያዝ የማይችል ሰው ዝም የሚልበትን ቦታ አያውቅም፤ እንዲያውም ዝምታውን መጠበቅ ከመምታቱ የሚከብዳቸው ብዙ ድራመሮች አሉ። ስለዚህ ጓደኛሽ የሚቸገረው በአንድ ዓይነት ዘፈን ላይ ነው፤ እሱም ጊታሪስታችሁ ባንዱ ወደዚያ እንዲያደላ የምትፈልገው ዓይነት ነው። ድራመሩ ይቆይ ወይስ ይሂድ የሚለው ጥያቄ፣ ባንዳችሁ ምን ይጫወት የሚለውን ሌላ ጥያቄ ሸፍኖ የያዘ ይመስለኛል። ስለዚህኛው ጥያቄ አንቺና ጊታሪስታችሁ ፊት ለፊት ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ሁለታችሁም ነገሩን በሆዳችሁ ይዛችሁ ክርክሩ በእሱ ትከሻ ላይ ወድቋል?

ይህን የምጠይቅሽ ለእሱ ለመሟገት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለአንቺም ጭምር ነው። አዲሱ ድራመር ቢገባ ፈጣኑ ሙዚቃ ያለ ምንም ውይይት ያሸንፋል። ከዚያ በኋላ ሰውን ያስተኛሉ የተባሉት የአንቺ ዘፈኖች ወዴት ይሄዳሉ? ዛሬ እሱን በሚመለከት የሚወሰነው ነገር ከጥቂት ወራት በኋላ በግጥሞችሽ ላይ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል አስበሽ እንደሆነ አላውቅም።

ፓንክና ኢሞ እንደምታስቡት ሁለት የሚጣሉ ወገኖች አይደሉም። ኢሞ የተወለደው ከፓንክ ቤት ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በዋሽንግተን ዲሲ ሃርድኮር የተባለውን እጅግ ፈጣን ፓንክ ሲጫወቱ የነበሩ ወጣቶች በየዝግጅቱ በሚታየው ጠብና ግፊያ ተሰላችተው፣ ያንኑ ኃይል ይዘው ስለራሳቸው ሐዘንና ጸጸት መዝፈን ጀመሩ። በዚያ ረገድ ቀዳሚ ተደርጎ የሚጠቀሰው ራይትስ ኦቭ ስፕሪንግ የቆየው ከ1984 እስከ 1986 ድረስ ብቻ ነው። የዚያ ባንድ ድምፃዊ ጋይ ፒቾቶና ድራመሩ ብሬንደን ካንቲ ከጊዜ በኋላ፣ ማይነር ትሬት በተባለው እጅግ ፈጣን ባንድ ከሚታወቀው ከኢያን ማካይ ጋር ፉጋዚ በተባለ ባንድ ውስጥ ዓመታት አብረው ሠርተዋል። ፈጣኑንና ልብ የሚነካውን በአንድ መድረክ ማስቀመጥ ይቻላል ማለቴ ነው፤ የሚቻለው ግን አስቀድመው ሲነጋገሩበት ነው።

ከአዲሱ ድራመር ጋር ስትለማመጂ ስለተሰማሽ ደስታ ልመለስ፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ስለሆነ። ዘፈንሽን በሰለጠነ እጅ ታጅቦ መስማትና በዚያ መደሰት ክህደት አይደለም። ማንኛውም ዘፈን የሚጽፍ ሰው የሚመኘው ነገር ነው፤ ደስታሽን ልትክጂው አይገባም፤ ብትክጂውም ሌላ ቀን በሌላ መልክ፣ ምናልባትም በጓደኛሽ ላይ በሚወጣ ቁጣ ብቅ ይላል። ያስጨነቀሽ ደስታው ሳይሆን መደበቁ ይመስለኛል። እሱ ክፍሉን ጠራርጎ ሲጠብቅ እናንተ ሌላ ቦታ የተለማመዳችሁት ነገር በቆየ ቁጥር ይከብዳል፤ ደግሞም ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ውስጥ ጊታር ተሸክሞ ወደ አንድ አዲስ ሰው ቤት የገባ ሦስት ሰው ሳይታይ አይቀርም። ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማው የሚያቆስለው የመተካቱ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ማወቁ ይሆናል። ስለዚህ ብትወስኑም ባትወስኑም እሱ በዚህ ሳምንት ሊያውቅ ይገባል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ምቱ እንደሚያመልጠው ነግራችሁት ታውቃላችሁ? በደብዳቤሽ ውስጥ ስትነግሩት አላየሁም። ብዙ ባንዶች ዘፈኑ ሲበላሽ ተያይተው ይስቁና እንደገና ይጀምራሉ፤ ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ አብሮ ለማረም ግን የሚደፍር አይገኝም። ያልተነገረው ሰው ደግሞ አይሻሻልም።

አንቺ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ ተመልካች አይደለሽም። ቤዝ ተጫዋች ነሽ፤ በእንዲህ ዓይነት ባንድ ውስጥ ምቱን የሚሸከሙት ድራሙና ቤዙ አብረው ናቸው። እሱ ሲዘገይ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ጊታሪስቷን ተከትለሽ ትሮጫለሽ ወይስ ከእሱ ጋር ትቆያለሽ? እየዘፈንሽ ስለምትጫወቺ ሳታስተውይው ወደ ጊታሯ እያደላሽ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እሱ የሚይዘው ነገር ያጣል። እስኪ አንድ ልምምድ በስልካችሁ ቅረጹትና ሜትሮኖም ከተባለው ምት ቆጣሪ ጋር አስተያዩት። ምናልባት እሱ ይዘገያል ያላችሁት ጊታሯ ስትፈጥን ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም አይሆንም፤ ቢያንስ ክርክሩ ከስሜት ወጥቶ በጆሮ ወደሚሰማ ነገር ይመጣል።

የክፍሉም ነገር አለ። በጠባብ ክፍል ሁለት ጊታር ዲስቶርሽን በተባለው ሻካራ ድምፅ ሲጮህ ድራመሩ የቤዙን ድምፅ መስማት ያቅተዋል፤ ያልሰማውን ሊከተል አይችልም። አምፕሊፋየሮቹን ቀንሱ፤ የአንቺንም ወደ እሱ ጆሮ አዙሪው። እግረ መንገዴን የጆሮ መሰኪያ እንድትጠቀሙ አደራ እላለሁ፤ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በሚመክረው መሠረት 85 ዴሲቤል ድምፅ ለ8 ሰዓት የሚፈቀድ ሲሆን ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ድራምና ጊታር በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቸገሩም።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ጊታሪስታችሁ የምትፈልገው ዘፈን በደቂቃ 190 ምት አለው እንበል። ጓደኛሽ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ ሃይ ሃት የተባለውን ጥንድ የብረት ሳህን የሚመታ ከሆነ ቀኝ እጁ በደቂቃ 380 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ ከስድስት ጊዜ በላይ ይወርዳል። በዘፈኑ መሃል መድከሙ የሚገርም አይደለም። በእያንዳንዱ ምት አንድ ጊዜ ብቻ ቢመታ የእጁ ሥራ በግማሽ ይቀንሳል፤ የዘፈኑ ፍጥነት ግን አይለወጥም፤ አድማጩም አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱን ልብ አይለውም። ወይም ከዘፈኑ አንዱን ክፍል ስኔር የተባለው ከበሮ በግማሽ ፍጥነት እንዲመታ አድርጋችሁ ልታሰናዱት ትችላላችሁ፤ ያኔ ዘፈኑ በድንገት ይከብዳል፣ እሱም ትንፋሽ ያገኛል። ሁለታችሁ ብቻችሁን፣ ያለ ጊታር፣ ዘፈኑን በ150 ምት ጀምራችሁ ሳትሳሳቱ ስትጨርሱት አምስት አምስት እየጨመራችሁ ተለማመዱት። በሁለት ወር ውስጥ 190 ላይ ላትደርሱ ትችላላችሁ። 175 ላይ ተረጋግቶ የሚሄድ ዘፈን 190 ላይ ከሚንገዳገድ ዘፈን ይልቅ ለመድረክ እንደሚሻል ግን ጊታሪስታችሁም የምትክድ አይመስለኝም።

ፓንክ ራሱ የተሠራው ባለው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 መጀመሪያ ላይ አንድ የእንግሊዝ የአድናቂዎች መጽሔት የሦስት የጊታር ኮርዶችን (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) ሥዕል አትሞ፣ እነዚህን ካወቃችሁ ባንድ መሥርቱ የሚል መልእክት ለአንባቢዎቹ አስተላልፎ ነበር። ዘፈኑ ለተጫዋቾቹ ይሰፋ ነበር እንጂ ተጫዋቾቹ ለዘፈኑ አይመረጡም ነበር። ይህ ማለት ግን በፓንክ ባንድ ውስጥ ማንም ቦታውን አይለቅም ማለት አይደለም። ራሞንስ የተባሉት የአሜሪካ ፓንክ ባንድ አባላት በ1974 ሲጀምሩ ድራም ይመታ የነበረው ጆይ ራሞን ነበር፤ ድምፃዊ ሲሆን እየዘፈነ መምታት ስላልቻለ ድራሙን ተወው፤ አዲስ ድራመር ሲፈለግ ለተፈታኞቹ አመታቱን ሲያሳይ የነበረው ሥራ አስኪያጃቸው ቶሚ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ተገኘና እሱ ራሱ ድራሙ ላይ ተቀመጠ። ድራሙን የተወው ሰው ከባንዱ አልወጣም፤ የባንዱ ፊት ሆነ። ጓደኛሽ ሌላ የሚችለው ነገር አለ? ይዘፍናል? ግጥም ይጽፋል? አንቺ ከዘፈኑና ከቤዙ አንዱን ለማካፈል ፈቃደኛ ነሽ?

የራሞንስን ስም ካነሳሁ ሌላውን ወገን መደበቅ አይገባኝም። ጆይና ጊታሪስቱ ጆኒ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተኳርፈው እምብዛም ሳይነጋገሩ ባንዱ እስከ 1996 ድረስ ዘልቋል፤ በአጠቃላይ ከ2,200 በላይ ዝግጅቶችን አቅርቧል። ባንድ ያለ ጓደኝነት መኖር እንደሚችል ይህ ያሳያል። ስለዚህ ጓደኝነታችሁ ከፈረሰ ባንዱም ይፈርሳል ብዬ ላስፈራራሽ አልፈልግም፤ ላይፈርስ ይችላል። ለአንቺ የሚቀርበው ጥያቄ እንደዚያ ባለ ባንድ ውስጥ መዝፈን ትፈልጊ እንደሆነ ነው። ሙያ አድርጋችሁ ልትይዙት ያሰባችሁ ሰዎች ከሆናችሁ መልስሽ አንድ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከልብ ጓደኞችሽ ጋር የምታሳልፊው ምሽት ከሆነ ደግሞ ሌላ። አራታችሁም አንድ ዓይነት መልስ ያላችሁ አይመስለኝም፤ አለመመሳሰሉ ጥፋት አይደለም፤ አለመነጋገራችሁ ግን ወደዚህ አድርሷችኋል።

በጊታሪስታችሁ ላይ እንዳትጨክኚ። ስልቷ አላማረኝም፤ በተለይ የሰውየውን ክፍልና ድራም እየተጠቀሙ ሰውየውን ለማሰናበት መመካከር ፊት የሚያስቀላ ነገር ነው። ፍላጎቷ ግን ፍላጎት ነው። በትንሽ ከተማ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ግብዣ በየወሩ አይመጣም፤ ይህ በር ከተዘጋ ሌላ አይከፈትም ብላ ፈርታ ይሆናል። ለብቻችሁ ሆናችሁ ግብዣው ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቂያት። ከዚያም ከእንግዲህ በድብቅ እንደማትለማመጂ፣ ለጓደኛችሁም እንደምትነግሪው ግልጽ አድርጊላት። ፈቃዷን እየጠየቅሽ ሳይሆን እያሳወቅሻት መሆኑን ትረዳ። ሁለተኛው ጊታሪስትም ዝምታው ድምፅ መስጠት እንደሆነ ሊነገረው ይገባል፤ እንደሁኔታው የሚል ሰው ሁኔታውን ለጮኸው ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ነው።

ለድራመራችሁ ስትነግሪው ብቻችሁን ሁኑ፤ ሦስት ሆናችሁ ፊቱ ብትቀመጡ ችሎት ይመስላል። ክፍሉ ውስጥም አይሁን፤ ያ ቤቱ ነው፤ ከፈለገ ተነሥቶ መሄድ የሚችልበት ቦታ ምረጪ። ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄጂ፣ «ልነግርህ የሚከብደኝ ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ሳንነግርህ ከሌላ ድራመር ጋር ተለማምደናል። ፈጣኖቹ ዘፈኖች ላይ ምቱ እያስቸገረን ነው፤ ይህንንም ቀደም ብለን ልንነግርህ ይገባ ነበር» ልትዪው ትችያለሽ። ጊታሪስታችን ናት ያደረገችው ብለሽ ራስሽን አታውጪ፤ አብረሽ ነበርሽ። ቢቆጣ ቁጣው ተገቢ ነው፤ ወዲያው ልታረጋጊው አትሞክሪ። ከተረጋጋ በኋላ እሱ ራሱ ምን እንደሚፈልግ ጠይቂው። ምናልባት ፈጣኖቹን ዘፈኖች አይወዳቸው ይሆናል፤ ምናልባትም ለሁለት ወር በየቀኑ ለመለማመድ ዝግጁ ይሆናል፤ ምናልባት ደግሞ ድካሙን ከእናንተ ቀድሞ አውቆት እስኪነገረው ድረስ ሲጨነቅበት የኖረ ይሆናል።

ከዚያ አራታችሁም ስትቀመጡ በጠረጴዛው ላይ ከሁለት በላይ አማራጭ ይኖራል። እሱ ይቆይና ዘፈኖቹ ለእጁ እንዲስማሙ ይስተካከሉ፤ ወይም በመድረኩ ላይ እሱ ዝግ ያሉትን፣ አዲሱ ድራመር ደግሞ ሁለት ሦስት ፈጣኖችን ይምቱ፤ ይህን ግን እሱ ራሱ ደስ ብሎት ከተቀበለው ብቻ ነው። አዲሱ ልጅ ፈቃደኛ ከሆነ ለጓደኛሽ የእጅ አያያዝ ሊያሳየው ይችላል። እኔን ከሁሉም የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ነው፤ ጊታሪስታችሁ ከአዲሱ ድራመር ጋር ሁለተኛ፣ ፈጣን ባንድ ታቋቁም። ብትፈልጊ አንቺም በሁለቱም ውስጥ ቤዝ መጫወት ትችያለሽ። ጥቂት ሙዚቀኞች ባሉበት ቦታ አንድ ሰው በሁለትና በሦስት ባንድ ውስጥ መጫወቱ የተለመደ ነገር ነው፤ የዋሽንግተኖቹም ልጆች በየባንዱ እየተቀያየሩ ነው ያን ሁሉ ሙዚቃ የሠሩት። ትንሽ ከተማችሁ አንድ ባንድ ከነበራት ሁለት ይኖራታል።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ መለያየት ግድ ከሆነ ከዝግጅቱ በኋላ ሳይሆን በፊት ይሁን፤ ምክንያቱም በግልጽ ይነገረው። በዚያው ቀን ሌላ የመለማመጃ ቦታና ድራም መፈለግ ጀምሩ፤ የእሱን ለጊዜው እንጠቀም ብሎ መጠየቅ አይታሰብም። አብራችሁ ስለሠራችኋቸው ዘፈኖችም ተነጋገሩ። በሕግ በኩል የዘፈን ባለቤትነት በአብዛኛው ግጥምና ዜማ ከሠራው ሰው ጋር ይያያዛል፤ ድራሙን ያቀናበረው ሰው ድርሻ እንዲኖረው ስምምነት ያስፈልጋል። ለሁለት ዓመት ዘፈኖችሽን ከአንቺ ጋር የቀረጸው ሰው ስሙ በዘፈኖቹ ላይ እንዲቀመጥ የምትፈልጊ ከሆነ፣ ገንዘብ ባይኖርበትም፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አራታችሁም ፈርሙበት።

ለጋበዛችሁ ባንድ የምትሰጡትን መልስ እነዚህ ንግግሮች እስኪያልቁ ድረስ አቆዩት፤ ግን ከአንድ ሳምንት አታሳልፉት፤ እነሱም ፕሮግራማቸውን ያዘጋጃሉ። ስትመልሱላቸው የተሰጣችሁን ሰዓት ማሳጠር ይቻል እንደሆነ ጠይቋቸው። መድረክ የሚከፍት ባንድ በሚገባ የተለማመዳቸውን አምስት ወይም ስድስት ዘፈኖች አቅርቦ ቢወርድ ቅር የሚለው ጋባዥ እምብዛም የለም፤ ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ፈጣን፣ ስንቱ ዝግ ያለ እንደሚሆን ደግሞ ሁላችሁም ባላችሁበት ወስኑ።